ዛፍ የሌለበት የደን ትምህርት ቤት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማ መንገድ ሰበታን ያለፈ መንገደኛ ተፍኪ ሲደርስ ዓይኑ የሚያርፈው ሜዳ ላይ ነው። ይህ የበቾ ሜዳ በክረምት አዋሽ ሲሞላ በውኃ ይዋጣል፤ ክረምቱ ሲወጣ ረግረጉ የወፎች መዋያ ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ ያው መሬት ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ደን የሚፈልግ ሰው ወደ ወጨጫ ተራራ መውጣት አለበት። ታዲያ በብዙ አገሮች እየተለመደ የመጣው «የደን ትምህርት ቤት» የተባለ የሕፃናት ማስተማሪያ ዘዴ እንዲህ ላለው አገር ምን ይበጃል? ዘዴውን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው፣ ዋናው ጉዳይ የዛፉ ብዛት ሆኖ አይገኝም። ልጆቹን ይዞ የሚወጣው አዋቂ እንዴት እንደሠለጠነ ነው።

ነገሩ የስካንዲኔቪያ ልጅ ነው። በዴንማርክ ኤላ ፍላታው የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሕፃናትን ይዘው ጫካ ለጫካ መዋል ጀመሩ፤ ልማዱ ቀስ በቀስ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ገባ። በ1993 በእንግሊዝ ሶመርሴት የሚገኘው የብሪጅዋተር ኮሌጅ የሕፃናት እንክብካቤ ክፍል ዴንማርክ ሄዶ አየና ወደ አገሩ ይዞት ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሌጁ ለአስተማሪዎች የሥልጠና ኮርስ አዘጋጀ። በ2012 ባለሙያዎቹ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩም የሚመራባቸው መርሆዎች አሉት። ልጆች ወደ አንድ ቦታ ደጋግመው፣ ለረጅም ጊዜ ይሄዳሉ። ትምህርቱ የልጁን ፍላጎት ይከተላል። ልጁ አቅሙን የሚፈትንበት ዕድል ይሰጠዋል። የሚመራውም ሰው ቢያንስ በእንግሊዝ አገር የሙያ መመዘኛ ደረጃ 3 የደረሰ መሆን አለበት።

ሠልጣኙ ብዙ ነገር ይማራል። ዕፅዋትንና እንስሳትን በስማቸው መለየት፣ የሚውልበት ቦታ በልጆቹ እግር እንዳይጎዳ ማቀድ፣ ከከተማ ርቆ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ መስጠት፣ እሳት ማንደድና ማጥፋት፣ ገመድ መቋጠር፣ ስለት መጠቀም። ከዚያም የራሱን ተከታታይ ክፍለ ጊዜያት በልጆች ላይ ሞክሮ፣ ያየውን ጽፎ ይገመገማል።

የስለቱን ትምህርት ለአብነት እንመልከት። ልጁ መጀመሪያ የሚሰጠው የድንች መላጫ ነው፤ የእርጥብ እንጨት ቅርፊት ይልጥበታል። ቀጥሎ ቢላ ይመጣል። ከመጀመሩ በፊት ቁጭ ይላል፤ ክንዱን ዘርግቶ ዙሪያውን ይለካል፤ እጁና መሣሪያው የሚደርሱበት ክልል ውስጥ ማንም አይገባም። እንጨቱን የያዘው እጅ ጓንት ያጠልቃል፤ ቢላውን የያዘው ግን ባዶ ነው፣ መጨበጫው እንዳያዳልጥ። ስለቱ ሁልጊዜ ከሰውነት ወደ ውጭ ይሄዳል። እሳት ዘንድ ደግሞ የሚቀርብ ልጅ አንድ ጉልበቱን መሬት ያስነካል፤ ነበልባሉ ቢገፋ ከዚያ አቋቋም ፈጥኖ ወደ ኋላ መሸሽ ይቀላልና። እነዚህ ትናንሽ ሥርዓቶች አስተማሪውን ከጩኸት ያድኑታል። «ተው! ጣለው! ትቆረጣለህ!» የሚለው ቃል ቦታውን ለልማድ ይለቃል።

አስተማሪውን በጣም የሚከብደው ግን ዝም ማለት ነው። የበቾ መሬት በብዛት ኮትቻ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ጥቁር ሸክላ አፈር። በበጋ የሚከፈተው ስንጥቅ የአዋቂ ክንድ ያስገባል። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ የጭድ ዘለላ ሰደደ እንበል። ያልሠለጠነ አስተማሪ ወዲያው ስለ ሸክላ አፈር ማብራራት ይጀምራል። የሠለጠነው ግን ይጠብቃል። ልጁ ጭዱ ሲያልቅበት ረዘም ያለ እንጨት ይፈልጋል፤ ሌላው ስንጥቅ ጥልቅ መሆን አለመሆኑን ያነጻጽራል፤ ጓደኛውን ይጠራል፤ ይከራከራሉ፤ እንጨቱ ላይ በጥፍር ምልክት ያደርጋሉ። መለካት ተጀመረ ማለት ነው። አስተማሪው ይህን በማስታወሻው ይይዝና በሚቀጥለው ሳምንት ገመድ ይዞ ይመጣል። ኮርሱ «ምልከታ» የሚለው ይህንን ነው፤ ልጁ አሁን የደረሰበትን አይቶ ቀጣዩን ደረጃ ማቀበል።

ስለ አደጋ ያለውም አስተሳሰብ ይለወጣል። ኖርዌያዊቷ ተመራማሪ ኤለን ሳንድሴተር በ2007 ልጆች የሚወዷቸውን አስፈሪ ጨዋታዎች በስድስት ከፍላቸው ነበር፤ ከፍታ፣ ፍጥነት፣ ስለታም መሣሪያ፣ እንደ እሳትና ውኃ ያለ አደገኛ ነገር፣ መታገልና መሰወር። ለአገራችን አንባቢ ዝርዝሩ እንግዳ አይደለም። ዛፍ ላይ መውጣቱ፣ ሸርተቴው፣ ትግሉ፣ ኩኩሉው እዚያ ውስጥ አለ። የሳንድሴተር ሐሳብ እንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ልጁን ፍርሃቱን በልክ እንዲይዝ ያለማምደዋል የሚል ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ ስለ አንድ ዛፍ ሲያስብ «ልጁ ይወድቃል ወይ?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ «ቢወጣ ምን ያተርፋል? ቢወድቅ ምን ያህል ይጎዳል? ጉዳቱን በምን ልቀንስ?» ብሎ ሁለቱን ወገን ይመዝናል።

ማስረጃውስ? በኖርዌይ ኢንግሩን ፍዮርቶፍት በ2001 ባሳተሙት ጥናት በየቀኑ ጫካ ውስጥ የተጫወቱ ከ5 እስከ 7 ዓመት የሆኑ ልጆች ሚዛን በመጠበቅና የሰውነት እንቅስቃሴን በማቀናጀት ከእኩዮቻቸው የበለጠ መሻሻል አሳይተዋል። የጫካ መሬት ወጣ ገባ ስለሆነ እያንዳንዱ እርምጃ አዲስ ሒሳብ ይጠይቃል። በአሜሪካ በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት ትኩረት የመሰብሰብ ችግር ያለባቸው ልጆች በመናፈሻ ውስጥ 20 ደቂቃ ከተራመዱ በኋላ፣ በከተማ መንገድ ከተራመዱበት ጊዜ ይልቅ አእምሯቸው ይበልጥ እንደሚሰበሰብ አሳይቷል። የዓይን ነገርም አለ። በቻይና ጓንግዡ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ከቤት ውጭ እንዲያሳልፉ ተደርጎ ለሦስት ዓመት ሲታዩ፣ የርቀት እይታ ችግር የጀመራቸው 30.4 በመቶ ነበሩ፤ እንደወትሮው የተማሩት ዘንድ ግን 39.5 በመቶ። ጥናቱ በ2015 ነው የወጣው። እነዚህ ጥናቶች በአመዛኙ የሚናገሩት ከቤት ውጭ ስለ መዋል ጥቅም እንጂ ስለ ደን ትምህርት ቤት ብቻ እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል።

ዘዴው ወደ እኛ ሲመጣ የአደጋው ሚዛን እንደገና መሠራት አለበት። አውሮፓ ውስጥ ልጅን በባዶ እግር ማስኬድ እንደ ጤና ይቆጠራል። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ግን ለዓመታት ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር በባዶ እግር መርገጥ እግርን የሚያሳብጥ የዝሆኔ ዓይነት ያመጣል፤ የአንጀት ትላትልም ከአፈር ይተላለፋሉ። ስለዚህ እዚህ ጫማ፣ ውኃና ሳሙና የትምህርቱ አካል ናቸው። ተፍኪ ላይ ከዛፉ ይልቅ የሚያስፈራው ውኃው ነው፤ የትኛው ኩሬ እስከ ጉልበት፣ የትኛው እስከ ወገብ እንደሆነ አስተማሪው ልጆቹን ከማምጣቱ በፊት በዱላ ለክቶ ማወቅ አለበት። ከወላጅ ጋር ስለ ምችና ስለ ብርድ መነጋገርም አይቀርም። እናት «ልጄን ምች ይመታብኛል» ስትል በንቀት ሳይሆን በኮፍያ፣ በጥላና በሰዓት ምርጫ መመለስ ሙያ ነው።

ቦታ አልጠፋም። ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጥድ አስተከሉበት የሚባል፣ በአፍሪካ ቀድመው ከተጠበቁ ደኖች አንዱ ነው፤ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው፣ ጉሬዛውና ድኩላው ዛሬም አሉበት። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም ከቡራዩ ሩቅ አይደለም። ችግሩ ተማሪ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንዴ፣ በአውቶቡስ፣ ምሳውን ቋጥሮ መሆኑ ነው። አስጎብኚው ያወራል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ይመለሳል። የደን ትምህርት ቤት የሚባለው ግን ያንኑ ዛፍ በጥቅምት፣ በየካቲትና በግንቦት ያየ ልጅ ነው የሚፈልገው። በዚህ መለኪያ ለተፍኪ ልጅ አንድ ሰዓት በእግር የሚደርስበት ረግረግ፣ በዓመት አንድ ቀን ከሚያየው ሱባ ይበልጥበታል።

ደግሞም የተፍኪ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም። ከብት የጠበቀ ልጅ እሳት ማቀጣጠል፣ ዱላ መጥረብ፣ የሚበላውን ፍሬ ከማይበላው መለየት ከታላላቆቹ ተምሯል፤ ሣሩንና ወፉን በአፋን ኦሮሞ ይጠራል። እንግሊዝ ውስጥ ሥልጠናው ከልጆች የራቀውን ነገር ለመመለስ የተበጀ ነው። እዚህ ግን ልጁ ያለውን እውቀት የትምህርት ቤቱ በር ላይ እንዳያራግፍ የሚያደርግ አስተማሪ ነው የሚያስፈልገው። የኦ ክፍል መምህርት ልጁ የሚያውቀውን የሣር ስም ጠይቃ ሰሌዳ ላይ ብትጽፍለት፣ ፊደሉ የሚያርፍበት ነገር ያገኛል። «ልጄን ጭቃ ለማስቦካት ነው የምከፍለው?» ለሚል ወላጅም መልሱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ጅምሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዛፉ እስኪያድግ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም። የመምህራን ኮሌጆቻችን ሕፃናትን ከክፍል ውጭ መምራትን እንደ አንድ ሙያ ቢያስተምሩ፣ እጩ መምህሩ ከመመረቁ በፊት አሥራ አምስት ልጆችን ይዞ በአንድ ሜዳ ላይ ለአንድ ወቅት፣ በሳምንት አንድ ቀን ቢውልና ዝም ብሎ መመልከትን ቢፈተን፣ የቀረውን የበቾ ሜዳ ራሱ ያሟላዋል።