መርፌ እንደ እርሳስ፦ ስፌት፣ ንድፍ እና እጥፋት በአንድ ጨርቅ ላይ

ፈረንሳይ ተወልደው በአሜሪካ የኖሩት አርቲስት ሉዊዝ ቡርዧ እ.ኤ.አ. በ2002፣ በ90 ዓመታቸው አንድ መጽሐፍ ሠሩ። መጽሐፉ ወረቀት የለውም። ገጾቹ ሙሽራ ሳሉ የተዘጋጁላቸው፣ የስማቸው ምልክት የተጠለፈባቸው የተልባ እግር ፎጣዎች ናቸው። በላያቸው ላይ ለዓመታት ካስቀመጧቸው ልብሶች የተቆረጡ ጨርቆች ተሰፍተዋል። የሥራው ርዕስ ግን "ውዳሴ ለመርሳት" የሚል ትርጉም አለው።

ቡርዧ ንድፍና ክርን ያገናኙት በልጅነታቸው ነው። ወላጆቻቸው በዕድሜ ብዛት የተጎዱ፣ ሥዕል የተሸመነባቸው የግድግዳ ምንጣፎችን ያድሱ ነበር። ከእነዚህ ምንጣፎች ብዙ ጊዜ የሚያልቀው የታችኛው ክፍል በመሆኑ፣ ትንሿ ሉዊዝ የጎደሉትን እግሮች በእርሳስ ትነድፍ፣ ሸማኔዎቹም ንድፉን ተከትለው ይሞሉት ነበር።

በተለመደው ጥልፍ ንድፉ መመሪያ ብቻ ነው፤ ክሩ ሲሸፍነው ይጠፋል። በዘመናዊው የጨርቃ ጨርቅ ጥበብ ግን በርካታ አርቲስቶች ሁለቱንም ለዕይታ ይተዋሉ። የእርሳስ መስመር በገጹ ላይ ያርፋል፤ የክር መስመር ግን ጨርቁን በስቶ ያልፋል፣ በጀርባውም ሌላ መስመር ያኖራል። እጥፋት በበኩሉ ጥላና ውፍረት ይፈጥራል፣ ከፊሉን ምስልም ይደብቃል። በስፌት ሲያዝ ደግሞ ቋሚ ቅርጽ ይሆናል። ዋጋም አለው፤ ለረጅም ጊዜ የታጠፈ ጨርቅ በእጥፋቱ መስመር ላይ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃልም።

መርፌና ክር ለረጅም ጊዜ "የሴቶች የቤት ውስጥ ሙያ" ተብለው ከሥነ ጥበብ ተነጥለው ቆይተዋል። በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ አርቲስት ብቻ የተሰናዳ ትርዒት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1949 ነበር፤ አርቲስቷም አኒ አልበርስ ናቸው። በአማርኛ ግን "ጥበብ" የሚለው ቃል በሸማ ላይ የሚሸመነውንም ሥነ ጥበብንም አብሮ ይጠራል። አዲስ አበባ የተወለዱት አርቲስት ኤልያስ ስሜም በቀደሙት ሥራዎቻቸው ክርና ቁልፎችን በሸራ ላይ እየሰፉ ሥዕል ሠርተዋል።

የቡርዧ መጽሐፍ ገጾች የተያያዙት በልብስ ቁልፍ ማስገቢያ ዓይነት ቀዳዳዎች ነው። ስለዚህ ሊፈቱና ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሊሰቀሉ ይችላሉ። ሊረሱ የተወደሱት ልብሶች፣ እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ካረፉ በኋላም በሙዚየም ይታያሉ።