ተጨማሪ መረጃ፦ የአጋማሽ ዘመን ግምገማ

ተማሪዎች፣ የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና ከማጠቃለያው ፈተና በፊት የሚሰጠው ለምን ይመስላችኋል? ድክመታችሁን ለማረም ጊዜ እንዲኖራችሁ ነው። አህጉራዊ ዕቅድም እንዲሁ ይፈተሻል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የጾታ እኩልነት ስትራቴጂ የተቀረጸው ከ2018 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ላለው ጊዜ ነው፤ አጋማሹ 2023 ነበር።

እንዲህ ያለው ፍተሻ የአጋማሽ ዘመን ግምገማ ይባላል። መነሻ መረጃ፣ ማለትም ሥራው ሲጀመር የነበረውን ሁኔታ የሚያሳይ ቁጥር፣ ከሌለው ግን ብዙም አይረባም። ሌላው ስሕተት የተሠራውን ከተለወጠው ጋር ማምታታት ነው። ለምሳሌ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የኢትዮጵያ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አድርጓል። ሕጉ መውጣቱ የተሠራ ሥራ ነው። ለውጡ የሚለካው ግን ዕድሜያቸው ሳይደርስ የሚዳሩ ልጃገረዶች ቁጥር መቀነሱ ሲታይ ነው፤ የልደት ምዝገባ በሌለበት መንደር ደግሞ ይህን መቁጠር ቀላል አይደለም!

እስቲ ሞክሩት፦ የትምህርት ቤታችሁን የክበባት ሰብሳቢዎች በጾታ ለይታችሁ ቁጠሩ፤ ውጤቱን ከነቀኑ መዝግቡ። በሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ ደግማችሁ ቁጠሩና አወዳድሩ።