ምስጢር የሚጠብቅ ወዳጅ አለዎት?

እዚህ ሸካ ዞን፣ ማሻ ውስጥ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቶሎ አይለቅም። ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ይጠራራል። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና ቀኑን ሙሉ ሳወራ እውላለሁ። ዘንድሮ ግን ማታ ማታ በትንሽ መንደር ስለሚኖሩ ሰዎች፣ ስለ ምስጢራቸውና ስለ ወዳጅነታቸው የሚተርኩ ልብ ወለዶችን ማንበብ ጀምሬአለሁ።

ከሁሉም የያዘኝ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አይረሳም። እኔን በዚህ ንባብ የሳበኝ ግን ጉዱ ካሣ ነው። አገሬው እንደ እብድ የሚቆጥረው ሰው፣ ለእነዚያ ወጣቶች የልብ ወዳጅ ሆኖ ይገኛል።

ይኼኔ አንድ ነገር ከነከነኝ። አምና ጓደኛዬ ያዋየችኝን የቤቷን ጉዳይ ቡና ላይ አፌ አምልጦኝ ተናገርኩ። በትንሽ ከተማ ወሬ እግር አያጣም፤ ሳይመሽ ጆሮዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ቤቴን ረግጣ አታውቅም ነበር።

ባለፈው እሑድ በሯን አንኳኳሁ። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ዝም ብላ ጀበናውን ጣደች። ብዙ አላወራንም፤ ግን እስከ በረካ አብረን ጠጣን።

እርስዎም አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን ዘግተው ለቤተሰብዎ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብለው ያንብቡ። ከዚያም ልጆችዎን «ምስጢራችሁን ለማን ታዋያላችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው። የእርስዎን ስም ካልጠሩ አይቆጡ፤ ለምን እንደሆነ ብቻ በእርጋታ ያዳምጧቸው።