ለአእምሮ ሕክምና ባሕር ከመሻገራችን በፊት

በመልካ ጀብዱ አንድ ወጣት አእምሮው ቢታወክ ዘመድ ይሰበሰባል፤ «ከብቱ ይሸጥና ውጭ አገር ይታከም» የሚል ሐሳብም መነሣቱ አይቀርም።

ውድ አንባቢያን! ሕክምና ፍለጋ መጓዝ ነውር የለበትም። ሱልጣን ቀላዉን እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ ያሠራው ማሪስታን በወቅፍ ገቢ ስለሚተዳደር ድኻውም መንገደኛውም በነፃ ይታከምበት ነበር። ለአእምሮ ሕሙማንም የተለየ ክፍል ነበረው።

ዛሬ ባሕር ማዶ ግን ምርመራው፣ አልጋው፣ አስተርጓሚው ሁሉ በገንዘብ ነው። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ደግሞ በአንድ ጉዞ አያበቃም። መድኃኒቱ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይወሰዳል፤ ያለ ሐኪም ምክር ቢቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ታዲያ በየጊዜው ማን ይመላለሳል?

አገራችንም ባዶዋን አይደለችም። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ጀምሯል። ስለዚህ አስቀድመን በአቅራቢያችን ያለውን ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋንና የሐረርን ሆስፒታሎች እንጠይቅ። ሕመምተኛው የልቡን በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በአማርኛ መናገሩ ራሱ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

በሽታን ያወረደ አላህ መድኃኒቱንም አውርዷል። ዱዓውም አይቅር፣ ክኒኑም አይቋረጥ። ከብቱን መሸጥ ግድ ከሆነም ገንዘቡ ለዓመቱ መድኃኒትና ለመመላለሻ ይቀመጥ።