«አንቱ» እና «አንተ»፤ ልጆቻችንን የአክብሮት አነጋገር ስለ ማስተማር



ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ሊጠይቁን ወደ ቤታችን መጡ። በሩን የከፈተላቸው እዚሁ አገር የተወለደው የ12 ዓመት የልጅ ልጄ ነበር። «ግባ፤ እዚህ ተቀመጥ፤ ቡና ትጠጣለህ?» አላቸውና የራሱን ወንበር ለቀቀላቸው። ሽማግሌው ቡናውን ሳይቀምሱ «ጉዳይ አለብኝ» ብለው ተነሥተው ሄዱ። በማግሥቱም «የእገሌ የልጅ ልጅ አሳዳጊ የበደለው ነው» ማለታቸውን ሰማሁ። ልጁን ጠርቼ ብነግረው ግራ ገባውና «አባባ፣ ወንበሬን ሰጠሁት፤ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ጥፋቱ በዚያው በጥያቄው ውስጥ ተደግሞ ነበር፤ እርሱ ግን አላየውም።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልጁ የተናገረው ግብዣ ነው፤ ሽማግሌው የሰሙት ግን ስድብ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ብናስተውል ከብዙ ቅያሜ እንድናለን፤ ስለዚህ የማውቀውን ያህል ላስረዳ።

በአማርኛችን ለወንድ «አንተ»፣ ለሴት «አንቺ»፣ ለምናከብረው ሰው ደግሞ «አንቱ» ወይም «እርስዎ» እንላለን። ግሡም አብሮ ይለወጣል፤ «ተቀመጥ»፣ «ተቀመጪ»፣ «ይቀመጡ» እንደምንለው ማለት ነው። ሰውየው በሌሉበት ስለ እርሳቸው ስንናገርም «እሱ መጣ» ሳይሆን «እሳቸው መጡ» እንላለን። «አንቱ» ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማወቅ፣ በሙያው የታወቀን ሰው «አንቱ የተባለ» እንደምንለው ማስታወስ ይበቃል።

ዕብራይስጥ ግን ለወንድ «አታ»፣ ለሴት «አት» ብቻ ነው ያለው። ለጨዋታ ጓደኛም ለሚኒስትርም ቃሉ አንድ ነው። «አታ» እና የእኛ «አንተ» ደግሞ ከአንድ የሴም ግንድ የበቀሉ ወንድማማች ቃላት ናቸው። እንግዲህ በዕብራይስጥ የሚያስብ ልጅ «አታ»ን ወደ አማርኛ ሲመልስ «አንተ» ላይ ቢወድቅ አይፈረድበትም።

«አንተ» በራሱ የንቀት ቃል አይደለም። ኦሪታችን በተጻፈበት በግእዝም ለአንድ ሰው «አንተ» እና «አንቲ» እንጂ «አንቱ» የለም። በጸሎትም ፈጣሪን «አንተ» እንለዋለን። ተስማምተው የሚኖሩትን ባልና ሚስት «አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብሽ» ተባብለው ኖሩ እንላለን። ስለዚህ «አንተ» የቅርበት ቃል ነው፤ ነውር የሚሆነው ለዚያ ቅርበት ያልተፈቀደለት ሰው ሲጠቀምበት ነው።

እኛስ «አንቱ»ን ማን አስተማረን? ተቀምጦ ያስተማረን የለም። ለልጅ ማንም «አንቱ» አይለውም፤ ስለዚህ ልጅ ይህን ቃል ለእርሱ ሲነገር አይሰማውም። የሚሰማው አባቱ አያቱን፣ እናቱ አማቷን ሲያነጋግሩ ነው። በወለቃም ሆነ በአምቦበር አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ግቢ ስለሚኖሩ ትምህርቱ ከማለዳው «እንደምን አደሩ» ጀምሮ እስከ ማታ አይቋረጥም ነበር። ዛሬ ግን አያቶቹ በአንድ ከተማ፣ ልጆቹ በሌላ ከተማ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ልጁ በቤቱ የሚሰማው አማርኛ ወላጆቹ እርሱን የሚያዙበት «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ» ብቻ ሆኗል። ለእንግዳውም የመለሰው ያንኑ የተቀበለውን ነው።

በዚህ ላይ የእኛው የእርስ በርስ ልዩነት ይጨመራል። ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከስሜን፣ ከቋራ፣ ከወልቃይት፣ ከጸለምትና ከሽሬ የመጣን ሰዎች ነን። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ቀድመው ከደረሱት መካከል ብዙዎቹ ትግርኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። በትግርኛ የተከበረ ወንድ «ንስኹም»፣ የተከበረች ሴት «ንስኽን» ይባላሉ፤ ግሡም በብዙ ቁጥር ይነገራል። የአማርኛው «እርስዎ» ግን ወንድና ሴትን አይለይም። በአንድ የመቀበያ ማእከል (መርከዝ ቅሊጣ) አማርኛ ገና የምትለማመድ የትግርኛ ተናጋሪ ልጅ አንድን የጎንደር ሰው «ደኅና መጣችሁ?» ብላ ስትቀበላቸው አይቻለሁ። ሰውየው ሌላ ሰው የተከተላቸው መስሏቸው ወደ ኋላቸው ዞረው ተመለከቱ። ልጅቱ ግን በቋንቋዋ ያለውን ትልቁን ክብር ነበር የሰጠቻቸው።

እንዲሁም በጎንደር ገጠር «አንቱ» የዘወትር ቃል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ «እርስዎ» ይበዛል። በዚያው ከተማ ባደጉ ብዙ ቤተ ሰቦች ልጅ አባቱን በፍቅር «አንተ» ይላል። ታላቅ ወንድምን አንዱ «አያ» ሲል ሌላው «ጋሼ» ይላል፤ ይኸውም «ጋሻዬ» ማለት ነው። ታላቅ እኅትም «እትዬ» ትባላለች። በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን የመጡት በአዲስ አበባ ወራት ስለ ቆዩ የከተማውን አነጋገር ሰምተው ነው የመጡት። ዛሬ የእነዚህ ሁሉ ልጆች እርስ በርስ ይጋባሉ። አማት የምራቷን አነጋገር ከመንቀፏ በፊት «በእናንተ አገር እንዴት ነው የሚባለው?» ብላ ብትጠይቅ መልካም ነው።

ጨዋነት ከቃል ሌላ በሥራም ይገለጣል። ሲጠሩት «አቤት» ማለት፣ ዕቃ በሁለት እጅ መቀበል፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ተነሥቶ «ኖር» ማለት፣ ገቢውም «በእግዜር» ብሎ መመለስ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል፤ ትኩር ብሎ የሚያይ «ዓይን አውጣ» ይባላል። እዚህ አገር ደግሞ ተማሪ መምህሩን በስሙ ይጠራል፤ ሲጠየቅም ዓይን ለዓይን እያየ እንዲመልስ ይጠበቅበታል። መሬት መሬት የሚያይ ልጅ የሚደብቀው ነገር ያለው ወይም ያልገባው ይመስላቸዋል። በአንድ ቀን ውስጥ ልጁ በትምህርት ቤት ስለ ዝምታው፣ በቤቱ ስለ ድፍረቱ ይወቀሳል። ወላጆች ይህን ለመምህሩ ማስረዳት፣ ለልጁም ሁለቱ ስፍራዎች ሁለት ሥርዓት እንዳላቸው በግልጥ መንገር ይገባቸዋል።

«ዕብራይስጥ አክብሮት አያውቅም» የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። በዘሌዋውያን 19፥32 ለሽበት እንድንነሣ ታዝዘናል፤ ትእዛዙም በአውቶቡስ ወንበሮች አጠገብ ተጽፎ ይታያል። የረቢዎች ሕግ ልጅ በአባቱ መቀመጫ እንዳይቀመጥ፣ ቃሉን እንዳይቃረን፣ በስሙም እንዳይጠራው ያዝዛል። በየሺቫም ተማሪ መምህሩን «አታ» ከማለት ይልቅ «ረቢው ምን ይላሉ?» እንደ ማለት አድርጎ ያነጋግራል። ወንበሩን የለቀቀው የልጅ ልጄም ያን ትእዛዝ መፈጸሙ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ወላጆች ራሳቸው ልጆቹ በሚሰሙበት አያቶችን ያነጋግሩ፤ በስልክም ቢሆን «እንዴት ሰነበቱ?» ሲባል ልጅ ይስማ። ሁለተኛ፣ ግሡን ሦስት ሦስት አድርገን እናስጠናቸው፤ «ና፣ ነይ፣ ይምጡ»፤ «ብላ፣ ብዪ፣ ይብሉ»፤ «ግባ፣ ግቢ፣ ይግቡ»። ሦስተኛ፣ በእንግዳ ፊት አንገሥጻቸው። ያፈረ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ አማርኛ ለመናገር አፉን አይከፍትም፤ ያን ጊዜ «አንቱ» ብቻ ሳይሆን «አንተ»ም ይጠፋብናል። ሽማግሌዎችም ልጁ ያለውን ብቻ ሳይሰሙ፣ ያደረገውንም ይመልከቱለት።

እኔም ወደ ሽማግሌው ቤት ሄጄ ይህንኑ አስረዳኋቸው። በስግድ ማግሥት ተመልሰው መጡ። ልጁ በሩን ከፈተና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጥቂት አሰበ፤ ከዚያም «ይግቡ፤ እዚህ ተቀመጥ» አላቸው። ሽማግሌው ሣቁ፤ ተቀመጡም፤ «ደጁን አልፌያለሁ፤ ወንበሩ ለሚመጣው ዓመት ይደርሳል» አሉት። የዚያን ቀን ቡናውን እስከ በረካ ጠጡ።