የጅዳን የእጅ ሙያ በሸራ ያቆዩት ሠዓሊት

የጅዳ ጥንታዊ ክፍል አል በለድ ከቀይ ባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ በታነጹና «ሮሻን» በሚሰኙ የእንጨት መስኮቶች በተጌጡ ቤቶቿ ትታወቃለች። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2014 የመካ መግቢያ በር መሆኗን ጠቅሶ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ይሁን እንጂ ግንቡ ሲቀር ግንበኛው፣ መስኮቱ ሲቀር ጠራቢው፣ ቀሚሱ ሲቀር ጥልፍ ጠላፊዋ ያልፋሉ። ሠዓሊት ሰፊያ ቢንዘግር ብሩሻቸውን ያነሡት ይህ አላፊ ኑሮ ሳይረሳ እንዲቆይ ነበር።

ሰፊያ እ.ኤ.አ. በ1940 በአል በለድ፣ ሓረት አል ሻም በተባለው ሰፈር፣ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ካይሮ ሄዱ፤ የጅዳ ቅጥር የፈረሰውም በዚያው በ1947 ነበር። በ1963 ሲመለሱ ከተማዋ ተለውጣ ጠበቀቻቸው። በ1938 የተገኘው ነዳጅ ሀብት አምጥቷል፤ ባለጸጎች ወደ አዳዲስ ሰፈሮች ወጥተዋል፤ ሲሚንቶ በኮራል ድንጋይ፣ ከውጭ የመጣ ልብስም በእጅ ጥልፍ ቦታ ገብቷል። የእጅ ባለሙያውን ገበያ ያሳጣው ብልጽግናው ራሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1968 ሰፊያ ከሠዓሊት ሙኒራ ሞስሊ ጋር በጅዳ በአንድ ትምህርት ቤት ሥራዎቻቸውን ለሕዝብ አቀረቡ። ይህም በሀገሪቱ ሴት ሠዓልያን ካሳዩት ትርኢት የመጀመሪያው ሆኖ ይጠቀሳል። በቀጣዩ ዓመት የሣሉት «አል ዘቡን» ባህላዊውን የሒጃዝ ልብስ የለበሰች ሴት ያሳያል፤ ብዙዎችም «የሒጃዝ ሞናሊዛ» ይሉታል። ሠዓሊቷ አረጋውያን ሴቶችን ስለ ሠርግና ስለ አለባበስ ይጠይቁ፣ ልብሱን ራሱን ይሰበስቡ፣ የስፌቱንና የጥልፉን ዝርዝር ካጠኑ በኋላ ይሥሉ ነበር። በመሆኑም ሥዕሎቻቸው ከውበታቸው ባሻገር የታሪክ ሰነድ ናቸው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 ሲያርፉም በስማቸው የሚጠራውን «ዳረት ሰፊያ ቢንዘግር» ለከተማቸው ትተው አልፈዋል።

ሥዕል የሙያን መልክ ያቆያል፤ እጁን ግን አያሠለጥንም። ለዚህ ተቋም ያስፈልጋል። መካ የዚህ ምስክር ናት፤ ንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ እ.ኤ.አ. በ1927 በዚያ የኪስዋ ፋብሪካ አቋቁመው ነበር፤ ዛሬም ኪስዋው በመካ ይሠራል። ጨርቁ በመኪና ቢሸመንም የቁርኣን አንቀጾቹ በወርቅና በብር ክር የሚጠለፉት በሰው እጅ ነው። ከሐበሻ ምድር ለመጣ አንባቢም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በሐረር የቁርኣን ድጉስ ሙያ ሊጠፋ ከተቃረበ በኋላ ያንሰራራው፣ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የሰበሰቧቸው ጥንታውያን የእጅ ጽሑፎች ለሚማሩት አርአያ ስለሆኑ ነው።

በጅዳም ተመሳሳይ ጅምር አለ። የጀሚል ባህላዊ ጥበባት ቤት ከ2015 ጀምሮ በአል በለድ ወጣቶችን የእንጨትና የጂፕሰም ጥበብ ያስተምራል፤ መንግሥትም የአሮጌዎቹን ቤቶች እድሳት ይዟል። የሚታደሰው ቤት የቀድሞ ነዋሪዎቹ ምን ይለብሱ፣ እንዴት ይድሩ እንደነበር ለመናገር አይችልም። ያን የሚናገሩት የሰፊያ ሸራዎች ናቸው። የጎደለው፣ አዛውንት ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ ከአጠገባቸው ተቀምጦ የሚማር ብዙ ወጣት ነው።