ስትምሉ ፊርማችሁን አስቡት!

አንድ የደብረ ብርሃን ጓደኛዬ ሰሞኑን፣ «ቤታችንን ልሸጥ ነው። ላጤ ነኝ ብዬ ስምል ምስክር ሁኚልኝ» አይለኝ መሰላችሁ! ሚስቱን አንኮበር ቁጭ አድርጎ!

በዚያው አንኮበር፣ ድሮ «ምኒልክ ይሙት» ተብሎ ከተማለ ቀልድ አልነበረም። የዛሬውንም ቃለ መሐላ «ወረቀት ነው» ብላችሁ አትናቁት። ሰነድ አረጋጋጩ መታወቂያችሁን ያያል፣ ፊቱ ያስፈርማችኋል። ውሸት ከሆነ ግን ዕዳው የማዩና የምስክሩ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ምስክርን ይቀጣል። የባልና ሚስት የጋራ ቤትም ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም።

እምቢ አልኩት፤ አኮረፈ። ያኩርፍ! ኩርፊያ ያልፋል፣ ፊርማ ግን መዝገብ ላይ ይቀራል።